አፈ ታሪክ፦ የአፍ ታሪክ ወይስ የታሪክ አፍ?

በቅርቡ አንድ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ነበር። ሠልስቱ ወጥቷል፤ እንባው ጋብ ብሎ ጨዋታው ቀስ በቀስ የሚጀማመርበት ሰዓት ነው። ከተቀመጥንበት ሳሎን ግድግዳ ላይ ያ ሁላችንም የምናውቀው ሥዕል ተሰቅሏል። በትናንሽ አራት ማዕዘኖች የተከፋፈለው፣ ንግሥተ ሳባ ወደ ኢየሩሳሌም ስትጓዝ፣ ከንጉሥ ሰሎሞን ማዕድ ስትቀርብ፣ ሌሊት ውሃ ጠጥታ መሐላዋ ሲፈርስ፣ በመጨረሻም ቀዳማዊ ምኒልክን ስትወልድ የሚያሳየው ሥዕል።

አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቀና ብሎ አየውና ለጎረቤቱ በሹክሹክታ፣ ‹‹ይሄ እኮ ተረት ነው›› አለ።

ፊት ለፊቱ የተቀመጡት ሽማግሌ ሰሙት። ‹‹ምን አልክ አንተ ልጅ? በሕገ መንግሥት ተጽፎ አገር የተዳደረበት ነገር ተረት ይባላል?››

‹‹አይ አባባ፣ እርስዎን ላስቀይም ብዬ አይደለም…›› ልጁ ተርበተበተ።

መምህርነታቸው ከአነጋገራቸው የሚያስታውቅ አንድ ጎልማሳ ሊያስታርቁ ገቡ። ‹‹አፈ ታሪክ ብንለው አይሻልም?››

ሽማግሌው አልተዋጠላቸውም። ‹‹እሱም ያው ተረት ነው፤ ኮት አለበሳችሁት እንጂ!›› ልጁም በበኩሉ ቃሉ ‹ታሪክ› የሚል ጭራ ስላለው የተስማማው አይመስልም። ከበሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የነበሩ አንዲት እናት ናቸው ክርክሩን የዘጉት። ‹‹ተረት ምን አደረጋችሁ? እኔ ልጆቼን ያሳደግሁት በተረት ነው።››

ሁሉም ሳቀ፤ ጨዋታውም ወደ ሌላ ዞረ። እኔ ግን ቤቴ ከገባሁ በኋላም ነገሩ አልለቀቀኝም። አራት ሰዎች ስለ አንድ ሥዕል ተነጋገሩ፤ የተጣሉት ግን ስለ ሥዕሉ አልነበረም። ስለ ስሙ ነበር። ‹ተረት›፣ ‹አፈ ታሪክ›፣ ‹ታሪክ› የሚሉት ቃላት እንደ ዳኛ ናቸው፤ ገና ስማቸው ሲጠራ ፍርድ ይሰጣሉ። እንግዲህ አንባቢ ከፈቀደልኝ እነዚህን ዳኞች አንድ በአንድ ልጥራና የየራሳቸውን መዝገብ ላገላብጥ።

በእናታችን ቃል ልጀምር። ልጆች ሆነን አያቶቻችን ‹‹ተረት ተረት›› ሲሉን ‹‹የመሠረት›› ወይም ‹‹የላም በረት›› ብለን እንመልስ ነበር። ይህ አዝማች እንዲያው የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ውል ነው። ተራኪው ‹‹አሁን የምነግራችሁን ማሉልኝ አትበሉኝ›› ይላል፤ አድማጩም ‹‹አላስምልህም፤ ብቻ ቀጥል›› ብሎ ይፈርማል። ሲያበቃ ደግሞ ‹‹ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ›› ይባላል። ‹መልሱ› ማለቱን ልብ እንበል። ተረት የተራኪው የግል ንብረት አይደለም፤ የውሰት ዕቃ ነው። በዚህ ውል ውስጥ ጅብ ቢናገር፣ አህያ ብትሟገት ውሸታም የሚባል የለም።

ይኸው ቃል ግን ሌላም ፊት አለው። ‹‹አበው ሲተርቱ›› ብለን የምንጠቅሰው ምሳሌያዊ አነጋገር እሱም ተረት ነው፤ ‹ተረትና ምሳሌ› እያልን በአንድ ገበታ እናቀርባቸዋለን። በጥንቱ የችሎት ሙግት በተረትና ምሳሌ ነገሩን ማሳመር የሚያውቅ ተሟጋች ይፈራ ነበር። እንግዲህ አንዱ ተረት ልጅ ያስተኛል፣ ሌላው ዳኛ ያነቃል ማለት ነው። ታዲያ ይህ የተከበረ ቃል እንዴት መናቂያ ሆነ? አንደኛው ምክንያት ከመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ሳይመጣ አይቀርም። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ፣ ጴጥሮስም በሁለተኛ መልእክቱ በግሪክኛ ‹ሙቶስ› ብለው እንድንርቀው ያስጠነቀቁት ነገር በአማርኛው ‹ተረት› ተብሎ ተተርጉሟል። ያውም ለጢሞቴዎስ በተጻፈው ከአሮጊቶች ጨዋታ ጋር ተዛምዶ ነው። በርጩማ ላይ የነበሩት እናታችን የሞገቱት፣ ሳያስቡት፣ ይህን የቆየ ፍርድ ነበር።

የግሪክኛው ቃል ራሱ የደረሰበት ዕጣ አስገራሚ ነው። በሆሜር ዘመን ‹ሙቶስ› ማለት ንግግር፣ ከአፍ የወጣ ቃል ማለት ነበር እንጂ ሐሰት ማለት አልነበረም። በኋላ እነ ፕላቶን ‹ሎጎስ› ከሚሉት፣ ምክንያት ከሚቀርብበት ነገር ጋር አነጻጽረው ዝቅ አደረጉት። ፈረንጆቹ ‹ሚት› እያሉ የሚጠሩት የዚህ የልጅ ልጅ ነው።

ወደ ራሳችን እንመለስ። ዛሬ እንደ ንጉሥ የምናከብረው ‹ታሪክ› የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ እንግዳ ነው። እዚያ ቀንና ዘመን መቁጠር፣ ከዚያም የዘመን መዝገብ ማለት ነው። ወደ ግእዝ ገብቶ ‹ታሪከ ነገሥት› የሚለውን ሰጠን። ስለዚህ ታሪክ ከትውልዱ ጀምሮ ‹‹መቼ?›› ብሎ የሚጠይቅ ቃል ነው። ቀን የማይቆጥር ታሪክ ስሙን ተበድሯል ማለት ይቻላል።

ባለአገሩ ቃል ደግሞ ‹ዜና› ነበር። ዜና ማለት የደረሰን ወሬ፣ የተሰማ ነገር ነው። የብሉይ ኪዳኑ የነገሥታት መዝገብ ‹መጽሐፈ ዜና መዋዕል› ይባላል። ‹ዜና አይሁድ› የሚባል የአይሁድን ታሪክ የሚናገር መጽሐፍ አለ። ታላቁ እስክንድር ተአምር በተአምር ላይ የሚፈጽምበት መጽሐፍም ‹ዜና እስክንድር› ነው። ዛሬ ደግሞ ማታ በራዲዮና በቴሌቪዥን የምንጠብቀው ዜና አለ። አንድ ቃል የነገሥታትን መዝገብ፣ የጀግናን ልብ ወለድ መሰል ገጠመኝና የዕለቱን ወሬ አንድ ላይ ተሸክሟል። አባቶቻችን በእነዚህ መካከል ልዩነት መኖሩን አጥተውት አይመስለኝም። ዜና ‹‹እንዲህ ሲባል ሰማን›› ይላል እንጂ ‹‹አየሁ›› አይልም፤ ሰሚው የሚመዝነው ይህን አውቆ ነው።

ከቤተ ክህነት የወረስናቸው ቃላትም እንዲሁ የየራሳቸው ሚዛን አላቸው። ‹ገድል› ከመጋደል የወጣ ነው፤ የጻድቁን ትግል ይመሰክራል። ‹ተአምር› መነሻ ፍቺው ምልክት ነው፤ ከራሱ አልፎ ወደ ሌላ ያመለክታል። ‹ትውፊት› ደግሞ ‹አወፈየ› ማለትም ‹አስረከበ› ከሚለው ግሥ የመጣ ነውና ርክክብ እንደ ማለት ነው። ገድልን የሚያነብ ሰው ‹‹ስለ ምን ተጋደለ?›› ብሎ ይጠይቃል፤ ትውፊትን የሚቀበል ‹‹ከማን ተረከብከው?›› ይላል። ጥያቄው ሲለዋወጥ ነው ጠብ የሚነሣው።

ምሳሌ ልስጥ። ገድለ ላሊበላ የተጻፈው ንጉሡ ካረፈ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በቀን ሰዎች ሲወቅሩ የዋሉትን፣ ሌሊት መላእክት ይቀጥሉ እንደ ነበር ይናገራል። ገድሉን እንደ መሐንዲስ ሰነድ ይዞ የሥራውን ሰዓት የሚያሰላ ሰው ተሳስቷል። መላእክት ስላሉበት ብቻ አሽቀንጥሮ የሚጥለው ሰውም እንዲሁ። ላሊበላ ለገዳም መሬት የሰጠበት ሰነድ የተረፈለት የታሪክ ሰው ነው። ገድሉም ቢሆን አንድ ነገር በትክክል ይነግረናል፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩ ሰዎች እነዚያን ዐለቶች ቀና ብለው ሲያዩ ‹‹ይህ ከሰው አቅም በላይ ነው›› ይሉ እንደ ነበር። ይህም ራሱ ታሪክ ነው።

አሁን ወደ መምህሩ ቃል፣ ወደ ‹አፈ ታሪክ› ደረስን። ብዙዎቻችን ይህን ስንሰማ ‹የአፍ ታሪክ› ብለን እንተረጉመዋለን፤ በጽሑፍ ያልሰፈረ፣ በአፍ ብቻ የሚነገር፣ ስለዚህም ትንሽ የሚጠረጠር ታሪክ። የግእዙ ሰዋስው ግን እንዲህ አይልም። አፈ ንጉሥ ማለት የንጉሥ አፍ ነው። አፈ ጉባኤ የጉባኤ አፍ፣ አፈ ሙዝም የጠመንጃው አፍ ነው። በዚህ ሥርዐት ከሄድን አፈ ታሪክ ‹የአፍ ታሪክ› ሳይሆን ‹የታሪክ አፍ› ይሆናል። የአፍ ታሪክ ለማለት ‹ታሪከ አፍ› ባልን ነበር።

ይህን የሰዋስው ነገር ለፌዝ አላነሣሁትም። የጥንቱ አፈ ንጉሥ የንጉሡን ቃል የሚያሰማ፣ ፍርድም የሚሰጥ ትልቅ ሹም ነበር። ሆኖም ንጉሡ ራሱ አልነበረም፤ ቃሉን በእርሱ አፍ ስንሰማ ደግሞ ስንት ነገር እንደ ተጨመረና እንደ ተቀነሰ ማሰብ ነበረብን። አፈ ታሪክም እንደዚሁ ነው። ታሪክ የሚናገርበት አንዱ አፍ ነውና መደመጥ ይገባዋል፤ አፍ ነውና መጠየቅም አለበት። አፉን የዘጋ ታሪኩን ያደነቁራል፤ አፉን ያነገሠም ንጉሡን ከዙፋኑ ያወርዳል።

በዩኒቨርሲቲ የሥነ ቃል ትምህርት ደግሞ ሌላ ስያሜ አለ፤ ‹ሐተታ ተረት›። ሐተተ ማለት መረመረ፣ ጠየቀ ማለት ነው። ዓለም፣ ሞት፣ ሥልጣን እንዴት እንደ መጡ የሚያስረዳ ተረት ሐተታ ተረት ይባላል። የአርዌ ነገር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። አርዌ ሰው ሁሉ የሚገብርለት ዘንዶ ንጉሥ ነበር፤ አንጋቦ የሚባል ጀግና በብልሃት ገድሎት ነገሠ ይባላል። በአንዳንድ የነገሥታት ዝርዝር ላይ ይህ ዘንዶ አራት መቶ ዓመት የገዛ ተብሎ፣ ዘመኑ ተቆጥሮለት፣ ከነገሥታቱ ሁሉ ፊት ተቀምጧል። ተረቱ የሚመልሰው ጥያቄ ‹‹ንጉሥ ለምን አስፈለገን?›› የሚለውን ነው። ጸሐፊው ግን ‹‹መቼ?›› ለሚለው ጥያቄ መልስ አደረገው። ዘንዶው የታሪክን ወንበር የያዘው ያኔ ነው።

ለቅሶ ቤት ወደ ተውነው ሥዕል እንመለስ። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 10 የሳባ ንግሥት ሰሎሞንን በጥያቄ ልትፈትን ትመጣለች፣ ስጦታ ትሰጣለች፣ ትቀበላለች፣ ወደ አገሯ ትመለሳለች። ስለ ልጅ የተጻፈ የለም። ቁርኣንም በሱረቱ አን-ነምል ታሪኳን ያነሣል፤ ስሟን አይጠራም፤ ቢልቂስ የሚላት የዐረቦች ትውፊት ነው። በእኛ አገር በ4ኛው ክፍለ ዘመን የነገሠው ኢዛና በድንጋይ ባስቀረጻቸው ጽሑፎች ላይ የሰሎሞን ልጅ ነኝ አላለም። ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት የማሕረም ልጅ ነኝ ይል ነበር፤ ማሕረም የጦርነት አምላክ ነው። ከተቀበለ በኋላ ይህ ቀረና በሰማይ አምላክ ኃይል መንገሡን አስጻፈ። እንግዲህ ነገሥታት ከሰማይ ጋር መዛመድ የጀመሩት ከሰሎሞን በፊት ነው።

ምኒልክንና ጽላቱን በአንድ ላይ አስተሳስሮ የሚተርከው ክብረ ነገሥት በግእዝ የተዘጋጀው በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በዐምደ ጽዮን ዘመን፣ በአክሱሙ ንቡረ እድ በይስሐቅና በጓደኞቹ ነው። በመጨረሻው ላይ ያለው ማስታወሻ መጽሐፉ ከቅብጥ ወደ ዐረብኛ፣ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መተርጎሙን ይናገራል። ቀደም ሲል በዛግዌ ዘመን ሳይተረጎም የቀረውም ያኔ የገዙት እስራኤላውያን ስላልነበሩ ይሆናል ሲል ይገምታል። ይህ ግምት ብዙ ይነግራል። ይኩኖ አምላክ የዛግዌን አገዛዝ የተካው በ1270 እ.ኤ.አ. ነበር። መጽሐፉ ሲዘጋጅ ‹‹መንገሥ የሚገባው ማን ነው?›› የሚለው ጥያቄ ገና ትኩስ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እንመልከት። መቅደላ በ1868 እ.ኤ.አ. ሲዘረፍ ክብረ ነገሥትም ወደ ለንደን ተወሰደ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1872 እ.ኤ.አ. ወደ እንግሊዝ በጻፉት ደብዳቤ መጽሐፉ እንዲመለስላቸው ጠየቁ፤ ያለ እርሱ ሕዝቡ እንደማይታዘዝላቸው ገልጸው ነበር፤ በዚያው ዓመት ተመለሰላቸው። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት፣ ከዚያም በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው፣ የንጉሠ ነገሥቱ የዘር ሐረግ ሳይቋረጥ ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ልጅ ከቀዳማዊ ምኒልክ እንደሚወርድ በአንቀጽ ደነገጉ። ሽማግሌው ‹‹በሕገ መንግሥት የተጻፈ›› ያሉት ይህን ነው፤ እውነታቸውን ነው፣ ተጽፏል።

ጥፋቱ የተሠራው ግን እዚህ ላይ ይመስለኛል። ‹‹ከማን ተረከብከው?›› ተብሎ የሚጠየቀው ትውፊት፣ ‹‹አቤት›› ብቻ የሚባልበት አንቀጽ ተደረገ። ሕግ አይጠየቅም፤ ይከበራል ወይም ይሻራል። ስለዚህ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሲወርዱ ትውፊቱም አብሮ እንደ ተሻረ ተቆጠረ። ትናንት ‹ታሪክ› ሲባል የነበረው በማግስቱ ‹ተረት› ተባለ። የተለወጠ ማስረጃ አልነበረም፤ የተለወጠው መንግሥት ነው። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህም ‹‹የሦስት ሺህ ዘመን ታሪክ›› ባዩና ‹‹የመቶ ዓመት›› ባዩ ሲወራወሩ የኖሩት ይህንኑ ድንጋይ ነው። ሦስት ሺሁ የሚቆጠረው ከሰሎሞን ዘመን ነውና ክርክሩ ያለው እዚያው ሥዕል ውስጥ ነው።

ስም ማውጣት የቃላት ጉዳይ ብቻ ለሚመስለው አንድ ተጨማሪ ነገር ላንሣ። ከቤተ እስራኤል ወገኖቻችን መካከል ከምኒልክ ጋር ከኢየሩሳሌም የመጡ አበው ልጆች ነን የሚል ትውፊት ያላቸው አሉ። ከአይሁድ ሊቃውንት ዘንድ ደግሞ ከጠፉት ነገዶች አንዱ ከሆነው ከዳን ይወለዳሉ የሚል የቆየ ቃል ነበር። በ1973 እ.ኤ.አ. የእስራኤል የሴፋርዲም ዋና ረቢ የነበሩት ኦቫድያ ዮሴፍ በዚህ በቆየው ቃል ተመርኩዘው ቤተ እስራኤል አይሁድ መሆናቸውን ወሰኑ፤ በ1975 እ.ኤ.አ. የእስራኤል መንግሥት የመመለስ መብታቸውን ተቀበለ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከ14,000 የሚበልጡ ሰዎች በ36 ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወሰዱ። የዘመቻው ስም ‹ሰሎሞን› ነበር። ያ ቃል ‹ተረት› ተብሎ ተጥሎ ቢሆን ኖሮ የብዙ ሺህ ቤተሰብ ዕጣ ሌላ በሆነ ነበር።

ታዲያ የታሪክ አፍ ስለ ንግሥተ ሳባ ሲጠየቅ ምን ይላል? አክሱም የሄደ ሰው ዱንጉር ላይ የንግሥተ ሳባ ቤተ መንግሥት የሚባለውን ፍራሽ ይጎበኛል። የሥነ ቁፋሮ ባለሙያዎች ሕንፃውን ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ6ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ ያስቀምጡታል፤ ከሰሎሞን ዘመን ጋር በሺህ ስድስት መቶ ዓመት ያህል ይራራቃሉ። እዚህ ላይ ‹‹መቼ?›› የሚለው ጥያቄ አሸነፈ። ወደ የሓ ስንዘልቅ ግን ነገሩ ይለወጣል። ያ እስከ ዛሬ የቆመው ቤተ መቅደስ ከክርስቶስ ልደት በፊት 7ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ የተሠራ ነው። በአካባቢው በሳባ ፊደል የተቀረጹ ጽሑፎች ተገኝተዋል። የሳባውያን አምላክ አልመቃህ እዚህ ይመለክ ነበር፤ በውቅሮ አቅራቢያ ለእርሱ የተሠራ መቅደስ ከነመሠዊያው ተቆፍሮ ወጥቷል። ድንጋዩ ስለ አንዲት ንግሥትና ስለ አንድ ሌሊት አይናገርም። በቀይ ባሕር ግራና ቀኝ ያሉ ሰዎች ግን ከዚያ ዘመን ጀምሮ አምላክና ፊደል ይጋሩ እንደ ነበር ይመሰክራል። አፈ ታሪኩ ቀኑንና ሰውየውን ቢስትም፣ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነገር መኖሩን አልሳተም።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ አንድ አዲስ ቃል ገበያውን ይዞታል፤ ‹ትርክት›። ‹ተረከ› ከሚለው የወጣ፣ ለ‹ታሪክ›ም ዘመድ የሆነ ቃል ነው። ትርክት የሚጠይቀው ጥያቄ ‹‹ይህ ለማን ይጠቅማል?›› የሚል ነው። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ክብረ ነገሥትንም ያለዚህ ጥያቄ ማንበብ አይቻልም። ነገር ግን ሁሉ ነገር ትርክት ከተባለ የኔም ትርክት፣ ያንተም ትርክት ይሆንና የሓ ላይ የቆመው ድንጋይ ምስክርነቱ ይቀራል። ተረት ቢያንስ ‹‹የመሠረት›› ብሎ የሚመልስ አድማጭ ነበረው፤ ትርክት ያለው ደጋፊና ተቃዋሚ ብቻ ነው።

ያን ዕለት ለቅሶ ቤት የነበሩት አራቱም ሰዎች አልተሳሳቱም። ተማሪው ማስረጃ ጠየቀ። ሽማግሌው የተረከቡትን አደራ ጠበቁ። መምህሩ መሐል ሚዛን ፈለጉ። እናታችን ደግሞ ልጆች ያሳደጉበት ነገር መዋረዱ ከፋቸው። የጎደለው እርስ በርስ መጠያየቅ ነበር። ተማሪው ‹‹አባባ፣ እርስዎ ይህን ከማን ሰሙት?›› ቢል፣ ሽማግሌውም ‹‹አንተስ ልጄ፣ ድንጋዩ ምን ይላል ተባለ?›› ብለው ቢጠይቁ፣ ያ ምሽት ረዘም ባለ ነበር።

ስንወጣ ሥዕሉን ድጋሚ ዞር ብዬ አየሁት። በመጨረሻው አራት ማዕዘን ምኒልክ ወደ አገሩ ይመለሳል። ሠዓሊው ከእያንዳንዱ ሥዕል በታች የሆነውን በአጭሩ በአማርኛ ጽፎበታል። ከላይ፣ ርእስ በሚሆነው ቦታ ላይ ግን ታሪክም፣ ተረትም፣ አፈ ታሪክም አላለም። ባዶውን ትቶታል።